ያቀናሁት ብረት

ከሀደሮ ከተማ በላይ ባለው ቀበሌያችን፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባለሙያዎች አንድ ትልቅ ብረት ተክለው ሄዱ። ሳተላይት ብረቱን በራዳር ከሰማይ እያየ መሬቱ መንሸራተት ሲጀምር ይነግራቸዋል፤ ከታች ያለነውም ቀድመን እንወጣለን ተባለ። ጠባቂው እኔ ነበርኩ። "ማንም እንዳይነካው" አሉኝ፤ ከብት እንኳ አላስጠጋም ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ግን ብረቱ አጋድሎ፣ ወደ ታች ሸርተት ብሎ አገኘሁት። ጸልዬ ቆፈርኩና በድንጋይ ምልክት ካደረግሁበት የድሮ ቦታው ላይ መልሼ አቆምኩት። በሳምንቱ ደገመው፤ እኔም ደገምኩ።

ከዚያ ናዳ መጣና ታናሽ ወንድሜን ኤርሲዶን ከነቤቱ ወሰደው። ሚስቱ ገበያ ውላ ተረፈች። ከቀብሩ በኋላ አንዲት ባለሙያ መጥታ "ጋሼ፣ ሳተላይቱ መሬቱ አልተንቀሳቀሰም ነው ያለን። ብረቱን የነካው ሰው አለ?" አለችኝ።

"ኧረ ማን ደፍሮ! ባጋደለ ቁጥር ወደ ቦታው የምመልሰው እኔው ነኝ" አልኳት፤ የምታመሰግነኝ መስሎኝ።

"ጋሼ፣ እኛ ማየት የፈለግነው እኮ ማጋደሉን ነበር" አለች።

ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ ብዬ ለቅሶ ቤት ገባሁና ለኤርሲዶ ሚስት ሁሉንም ነገርኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

"ደጃችን ሲሰነጠቅ እንውጣ ብዬው ነበር" አለች። "አንተ ብረቱን ስታቀና እሱ ከታች አየህና 'ወንድሜ እየጠበቀን አይደል እንዴ' ብሎ እምቢ አለኝ።"