እንባ የሌላት አልቃሽ

ደብረ ታቦር፣ ከለቅሶ ድንኳን ጀርባ፤ አብረው ያረጁት ሁለት ሙሾ አውራጆች፣ እንጉዳይና ደብሬ፣ ለቅሶውን ማን ይምራ በሚል ተፋጠዋል።

እንጉዳይ፦ ዞር በይ ነው የምልሽ! ዛሬ ሙሾውን የማወርደው እኔ ነኝ።

ደብሬ፦ የሟች ልጆች የጠሩት እኔን ነዋ።

እንጉዳይ፦ እሱ እኮ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው! ዓይንሽ ደርቆ አንቺ ትጠሪያለሽ፣ እኔ ደም እያለቀስኩ ደጅ እቀራለሁ። ያለ እንባ አልቃሽ የት አገር ታይቷል?

ደብሬ፦ በድብርት መድኃኒቱ ነው አልኩሽ እኮ። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፤ ሐኪሙ መጠኑን እናየዋለን ብሎኛል።

እንጉዳይ፦ የእብድ ክኒን! ድንኳን ገብቼ ልናገር?

ደብሬ፦ ተናገሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ልጄ የሞተ ጊዜ ግድግዳ ሳይ ስውል አላየሽኝም?

እንጉዳይ፦ እኔስ ሰርጓን ስጠብቅ ልጄን አልቀበርኩም? በአንድ ክረምት አይደል የቀበርነው? እኔ እስካሁን እንቅልፍ የለኝ፤ አንቺ ፊትሽ ወዝቶ ትስቂያለሽ። ደስታ ነው የሚሸጡልሽ?

ደብሬ፦ ደስታማ ቢሆን ሰዉ በጆንያ ይገዛው ነበር። አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚሉት ነገር አለ። አንዱ ሕዋስ ለጎረቤቱ መልእክት ሊያደርስበት ይለቀዋል፣ ከዚያ መልሶ ይሰበስበዋል። መድኃኒቱ ቶሎ እንዳይሰበስበው ያደርጋል።

እንጉዳይ፦ እንግዳው ሳይጠግብ ገበታ እንደምታነሳ ሴት በይው።

ደብሬ፦ እሱን! መድኃኒቱ እጇን ያዝ ያደርጋታል።

እንጉዳይ፦ በይ አንዱን ስጪኝ፤ እኔም ዛሬውኑ ልሳቅ።

ደብሬ፦ የራስ ምታት ክኒን መሰለሽ? መጀመሪያ ያተረፍኩት ማቅለሽለሽ ነው። ለውጡ የመጣው ከሳምንታት በኋላ። ሲሻልሽም ሐኪም ሳያዝ በድንገት አይተውም። ደግሞ በሰው መድኃኒት አይታከሙም።

እንጉዳይ፦ መቼም ለመንፈግ ሰበብ አታጪ! አብረን ስናለቅስ ኖረን ብቻዬን ጥለሽኝ ወጣሽ። ያነሰ ይመስል እንጀራዬንም ወሰድሽ።

ደብሬ፦ አልወሰድኩም። ለሟች ልጆች መጀመሪያ የጠራሁላቸው ያንቺን ስም ነው።

እንጉዳይ፦ ውሸትሽን ነው! ምን አሉሽ ታዲያ?

ደብሬ፦ ተይው ይቅር።

እንጉዳይ፦ በልጅሽ ነፍስ ንገሪኝ!

ደብሬ፦ «እንጉዳይ የምታለቅሰው የራሷን ልጅ እንጂ የኛን ሰው አይደለም» አሉኝ። በቀደም በአባ መኩሪያ ለቅሶ ምን ብለሽ ገጠምሽ?

እንጉዳይ፦ ምን አልኩ?

ደብሬ፦ «ቬሎሽ ተሰፍቶልሽ፣ ሚዜ ተጠርቶልሽ፣ ምነው በሰርግሽ ቀን መቃብር አማረሽ!» ሰማንያ ዓመት ለሞላው ሽማግሌ! ሚስቱ ለቅሶዋን ትታ አንቺን ስታይ ነበር።

እንጉዳይ፦ ወይኔ... እንዲህ አልኩ?

ደብሬ፦ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንቺን ሙሾ አወጣው።

እንጉዳይ፦ ክኒኑ... ልጄን ያስረሳኛል? ካስረሳኝ ይቅርብኝ።

ደብሬ፦ አያስረሳም። ዛሬ ጠዋት ልጄ ያባቱን ትልቅ ኮት ለብሶ ሲንጎራደድ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

እንጉዳይ፦ እሱን አስበሽ ሳቅሽ?

ደብሬ፦ ሳቅኩ፣ እቱ።

እንጉዳይ፦ እስካሁን የቀናሁት በሙሾሽ ነበር። አሁን ገና ቀናሁብሽ! ሂጂ አውርጂ፤ ስትጨርሺ ግን ያንን ሐኪም ሳታሳዪኝ ቤትሽ አትገቢም።