ብርድ ልብስ የተሰጣበት የመብረቅ ዘንግ

«ተባረኪ! ዕድሜሽ ይርዘም! ሳትጠየቅ ለአክስቷ የልብስ ማስጫ ምሰሶ የምታቆም ልጅ የታለች? አንቺ ብቻ!»

ደረጃውን ጨርሼ ሰገነቱ ላይ ብቅ ስል የተቀበለኝ ይህ ምርቃት ነበር። እኔ የወጣሁት የደረቀ ሱሪዬን ላወርድ ነው። መራቂዋ እማማ በረዶ ናቸው፤ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ያለውን ክፍል ተከራይተው የሰው ልብስ ያጥባሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ያጠቡት አንሶላ ከበረዶ ስለሚነጣ ሰፈሩ እንዲህ ብሎ ጠራቸው፣ እሳቸውም አልጠሉትም።

ምርቃቱ የሚዘንብባት የእህታቸው ልጅ ግን «አሜን» አላለችም። ፒንሳዋን እንደያዘች፣ ጧት ስትለፋበት ያረፈደችውን ረጅም የብረት ዘንግ ታያለች። ዘንጉ ላይ አንድ ወፍራም እርጥብ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሎ ውሃውን ያንጠባጥባል።

«አክስቴ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ የልብስ ማስጫ አይደለም። የመብረቅ መከላከያ ነው።»

የእማማ በረዶ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ምርቃታቸውን አንድ በአንድ መልሰው ይወስዱ ጀመር።

«ምን አልሽኝ? አናቴ ላይ የመብረቅ ብረት ተከልሽ? ሰው ከመብረቅ ይሸሻል፣ የኔዋ ጉድ ና ግባ ብላ በር ትከፍትለታለች! አንተ መቀስ፣ ሰማህልኝ?»

መቀስ እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ነው፤ ምላሴንም የሚጨምሩበት አሉ።

«ሰምቻለሁ፣ እማማ» አልኩ። «ግን እስቲ ባለሙያዋ ትናገር። እኔ ስለ መብረቅ ከስምንተኛ ክፍል ይዤ የወጣሁት ፍርሃቱን ብቻ ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር እማማ በረዶ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ደረጃው ሥር ያለውን ቆጣሪ ጠቅ አድርገው የሕንፃውን መብራት ያጠፋሉ። «መብረቅ የሚመጣው ዘመዱን ፍለጋ ነው፤ ቤት ውስጥ መብራት ካላገኘ መንገዱን ይቀጥላል» ይላሉ። ያን ጊዜ የእኔ ስፌት መኪና የሰው እጅጌ ግማሽ ላይ ቀጥ ትላለች። ቀጥለው ደግሞ፣ መብራቱን ካጠፋሁ ማን ይነካኛል ብለው ወደ ሰገነት ይሮጣሉ። ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ባለው ቦታ፣ በእርጥብ እጃቸው የብረት ሽቦ ይዘው፣ ሰማይ እየተሰነጠቀ አንሶላ ይለቅማሉ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ልጅቷ ኤሌክትሪክ ተምራ የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ ሥራ አግኝታለች። ጣቢያው ሩቅ ነው፤ መሄጃዋም ከነገ ወዲያ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስፌት ቤቴ ገብታ፣ «ጋሼ፣ አክስቴ በነጎድጓድ ሰገነት መውጣቷን ካልተወች እኔ አልሄድም። ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚያ ተቀምጬ የሰማዩን ወሬ ስጽፍ፣ እዚህ እሷ ላይ የወረደውን ማን ይነግረኛል?» ብላ ዕንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋለች። ለእማማ ግን ይህን አልነገረቻቸውም። ኩራት በቤታቸው የዘር ነው።

«አክስቴ፣ ዘንጉ መብረቅ አይጠራም» ስትል ቀጠለች። «መብረቁ እዚህ ሕንፃ ላይ ሊያርፍ ከመጣ ግን ይቀበለውና በዚህ ወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ያስገባዋል። ልክ እንደ አሸንዳ። አሸንዳ ዝናብ ይጠራል?»

«አሸንዳ ዝናብ አይጠራም። አሸንዳ ሰውም አያቃጥልም!»

«ለዚህ ነው ዘንጉ ለቤቱ እንጂ ላንቺ አይደለም የምልሽ። ሰገነት ላይ ለቆመ ሰው ዋስ አይሆንም። አንቺ መውረድ ነው ያለብሽ።»

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። የመብራት ምሰሶ ከቆመ ወዲህ ሰማዩ ተበላሸ። ዱሮ ዝናብ ሰዓት ያከብር ነበር።»

«ምሰሶው ከመቆሙ በፊት መብረቅ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ» አሉ ሳይወዱ። «የአያቴን ትልቁን ዛፍ ለሁለት ከፍሎታል።»

«በየትኛው ሽቦ መጣ?»

እማማ በረዶ መልስ ሲያጡ ሥራ ያገኛሉ። ብርድ ልብሱን ከዘንጉ ገፈው፣ የጠላት አንገት ይመስል ይጨምቁት ጀመር።

ወደ መተኮሻው ክፍል ወረድን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ካውያው ቀኑን ሙሉ ስለሚግል አየሩ እንደ ዳቦ ቤት ደረቅ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የናይለን ብርድ ልብሶች ተደራርበዋል። ልጅቷ መስኮቱን ዘጋች፣ በሩንም ዘጋችና ሁለቱን ብርድ ልብሶች አፋትጋ በአንድ ጊዜ ላጠቻቸው። በጨለማው ውስጥ ጠጠጠጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታዎች ከጫፍ ጫፍ ሮጡ።

«ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አሉ እማማ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቆነጥጠኝ የኖረ ነው። የብርድ ልብስ ቁንጫ እለዋለሁ።»

«ይሄ ቁንጫ የመብረቅ ታናሽ ወንድም ነው» አለች ልጅቷ መስኮቱን እየከፈተች። «ብርድ ልብስና ብርድ ልብስ ሲፋተጉ ኤሌክትሪኩ ይከፋፈላል፤ አንዱ ጋ ይበዛል፣ ሌላው ጋ ያንሳል። ደመናው ውስጥም እንደዚሁ ነው። እላይ ብርድ ነው፤ ትንሹ የበረዶ ቅንጣት ከትልቁ በረዶ ጋር እየተጋጨ ይፋተጋል። ቀላሉ አንዱን ዓይነት ኤሌክትሪክ ይዞ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከባዱ ሌላውን ይዞ ታች ይቀራል። ልዩነቱ ሲበዛ አየሩ መሸከም ያቅተዋል። ያኔ ይበርቃል።»

«እንግዲያው ጥፋተኛው በረዶ ነው በይኛ!»

«ስምሽን ማጥፋቴ አይደለም፣ አክስቴ።»

እማማ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞክረው አመለጣቸው። እኔም የመጀመሪያው ስፌት እንደተተረተረ ያወቅሁት ያኔ ነው። የሳቀ ሰው ግማሹን ተረትቷል፤ የቀረውን ግማሽ የሚከላከለው ለክብሩ ሲል ነው።

«እሺ፤ በረዶውን እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?» አሉ ቆጣ ብለው።

«ፀሐይ። ያንቺው የሥራ ባልደረባ። ያሰጣሽው አንሶላ ሲደርቅ ውሃው የት ይሄዳል?»

«ወደ ላይ ነዋ። የት ይሄዳል?»

«በቃ! ፀሐይ ጧት መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ አየሩን ያሞቃል። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ከኩሬው፣ ከማሳው፣ ከአንቺ አንሶላ የወሰደውን እርጥበት ተሸክሞ ይወጣል። እላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ በጣም ከወጣ በረዶ ይሠራል።»

«ታዲያ ደመናውን የማጥበው እኔ ነኛ!»

«በመጠኑ» አለች ልጅቷ። «ስለዚህ ነው በዚህ ወቅት ነጎድጓድ ከሰዓት በኋላ የሚበዛው። ፀሐይ ሥራዋን ከጧት ጀምራ የምታስረክበው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ሰማዩ እንደ ዱሮው ሰዓት ያከብራል፣ አክስቴ። ሰዓቱን የሳትሽው አንቺ ነሽ። ጧት ትዘፈዝፊያለሽ፣ በቀትር ታሰጫለሽ፤ ልብሱ ሊደርቅ ሲል ደመናው ይደርሳል። ማታ ዘፍዝፈሽ ጎህ ሲቀድ ብታሰጪ በስምንት ሰዓት ሁሉም ታጥፎ አልቋል።»

ንግግሩ መልካም ነበር፤ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሰማይ ያዩ ሴት በመልካም ንግግር ብቻ አይረቱም። እማማ በረዶ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። ሰባት ተኩል ሆኗል። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«ይኸው! ዛሬ ጠብ አይልም።»

ልጅቷ በባትሪ የሚሠራውን አሮጌ ሬዲዮ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ መርፌውን ጣቢያ በሌለበት ቦታ ላይ አቆመች። ሬዲዮኑ ሽሽሽ ሲል ቆየና ድንገት ቋ! አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ቋ! ቋ!

«ሳል ይዞታል» አሉ እማማ።

«ሳሉ ከሩቅ የሚበርቅ መብረቅ ነው። እኛ ሳናየው እሱ ይሰማዋል። እየቀረበ ሲመጣ ሳሉ ይበረታል። እንወራረድ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ነጎድጓድ ይሰማል። ከተሸነፍኩ ዘንጉን ነቅዬ የልብስ ማስጫ አደርግልሻለሁ።»

«ካሸነፍሽስ?»

«ነጎድጓድ ከተሰማ ሰገነት አትወጪም። መቼም።»

«ተስማማሁ! መቀስ፣ አንተ ዳኛ ነህ። እንዳታዳላ፤ ሱሪህ እኔ ሽቦ ላይ ነው ያለው።»

ስምንት ሰዓት ላይ በልጅቷ ልመና ሦስታችንም ወጥተን እማማ ለሰፈሩ ክሊኒክ ያጠቧቸውን አንሶላዎች ሰበሰብን። እማማ ግማሹን መንገድ ተነጫነጩ፤ የቀረውን ግማሽ ዝም ያሉት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ እንደ አበባ ጎመን የተቆለለ ነጭ ደመና ስላዩ ነው። ሥሩ መጥቆር ጀምሯል። ሬዲዮኑ ቤት ውስጥ ያለማቋረጥ ይስላል።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ብልጭ አለ። «ቁጠሩ!» አለች ልጅቷ። አሥራ አምስት ስንል ጉርምርምታው ደረሰ።

«ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመምጣት ሦስት ሴኮንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ከሰማሽ ቤት መሆን አለብሽ።»

እማማ ተነስተው ወደ ቆጣሪው ሊሄዱ ሲሉ ያዝኳቸው። ልጅቷ ግን፣ «ዕቃን ከሶኬት መንቀሉ ደግ ነው፤ በዚህስ አክስቴ ልክ ናት። ጋሼ፣ ስፌት መኪናህንም ንቀላት» አለችኝ። እማማ በረዶ እንዴት እንዳዩኝ አልጽፈውም።

ከስፌት ቤቴ ስመለስ እንደገና በረቀ። ዘጠኝ ቆጠርን። እማማ አንሶላዎቹን እያጠፉ ነበር፤ ድንገት እጃቸው ቆመ።

«ሃያ ሦስት። ሃያ አራት ነበሩ! አንዱ ከዘንጉ ጀርባ ቀርቷል!» ብለው እንደ ልጃገረድ ዘለው ተነሱ። «አደራ ነው! የሰው ዕቃ ነው!»

ልጅቷ በሩ ላይ ቀደመቻቸው። የምትከለክል መስሎኝ ነበር። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወደ ደረጃው ዞረች እንጂ አልከለከለችም።

«ልክ ነሽ፤ አደራ ነው። አንቺ ቁጭ በይ፤ እኔ ላምጣው።»

እማማ በረዶ ቀሚሷን ከኋላ ጨምድደው ያዙ። «አብደሻል? በዚህ መብረቅ? ጨርቅ እኮ ነው! አንሶላ ይተካል፣ አንቺን ማን ይተካልኛል?»

ልጅቷ ሳትዞር ቆመች። «አንቺንስ፣ አክስቴ?»

የእማማ እጅ ቀሚሷን እንደያዘ ነው። በዚያ ቅጽበት ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ፤ አንድ ብለን ሳንጨርስ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ካውያው መደርደሪያው ላይ ተንቃጨለ። የወደቀው የት እንደሆነ አላየንም፤ ቅርብ ነበር። ማንም ሰገነት ላይ አልነበረም።

«አሸንፈሻል» አሉ እማማ በረዶ ቀስ ብለው። ተቀመጡ፤ እሷንም ስበው አጠገባቸው አስቀመጧት። «አልወጣም። ሂጂ ሥራሽ፤ አልወጣም። ሬዲዮ እሰማለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እቤቴ እቀመጣለሁ። ይኸው መቀስ ምስክሬ ነው።»

መሄዷ በዚህ የተንጠለጠለ መሆኑን ለካ ያውቁ ኖሯል። በቤታቸው የዘር የሆነው ኩራት ብቻ አይደለም፤ መተሳሰብም ነው።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ልጅቷ ደረጃውን ልትወጣ ስትል ያስቆሟት እሳቸው ናቸው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንዳለበት እግረ መንገዷን ነግራቸው ነበርና ሰዓታቸውን ይዘው፣ «ሃያ ስምንት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይቀርሻል፤ ቁጭ በይ!» አሉ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ተያይዘን ወጣን። ፀሐይ ተመልሳለች፤ ወለሉ ይጨሳል። ሃያ አራተኛዋ አንሶላ ሽቦው ላይ በዝናብ ታጥባ ታበራለች። እማማ ዳበስ አድርገው፣ «ከእኔ የተሻለ አለቅልቋታል» አሉና ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ልጅቷ በቀኗ ሄደች። እማማ በረዶ አሁን ማታ ይዘፈዝፋሉ፣ ጎህ ሲቀድ ያሰጣሉ፣ በስምንት ሰዓት አጥፈው ይጨርሳሉ፤ የብረቱንም ሽቦ በገመድ ለውጠዋል። ዝናብ የመታውን አንሶላ ዳግመኛ ማጠብ ስለቀረ ሳሙናው ተረፈ፣ ወገባቸው አረፈ። የሕንፃው መብራት አይጠፋም፤ እኔም እጅጌዬን ጨርሼ ነው ስፌት መኪናዬን የምነቅላት። ሬዲዮኑ ሲያስል በመስኮት ብቅ ብለው ለመንገዱ በሙሉ ያውጃሉ፤ ሰፈሩም ልብሱን ይሰበስባል። ዕውቀት ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሽማግሌ ቤት ሲገባ ጥቅሙ ለጎረቤትም ይተርፋል።

ትናንት አብረን ሰገነት ላይ ስናሰጣ ይህንኑ ላስታውሳቸው ፈለግሁ።

«እማማ» አልኳቸው ወደ ዘንጉ እያመለከትኩ፣ «ያን ቀን የተቆጡበት ብረት ዛሬ ሁላችንንም ይጠብቃል። ልጅቷ ልክ ነበረች፤ አይደለም እንዴ?»

ዘንጉን ከታች እስከ ላይ አዩት።

«ይጠብቅ» አሉ። «ቁመቱ ግን ለብርድ ልብስ ልኩ ነበር።»