ከመንገድ ያላለፈ ስንቅ

ከጎባ ገበያ ስመለስ ግራዝማች ገብረወልድን ቶጎና ወንዝ መሻገሪያ ላይ አገኘኋቸው። የደለበ ሰንጋ ይነዳሉ። አዲስ አበባ ለትምህርት ሄዶ የሞተው ልጃቸው የኃይለመስቀል ተዝካር መድረሱን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ልጁን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ፣ የአገረ ገዥው ጸሐፊ፣ ነበርሁና ሐዘኑ የእኔም ነው። ሰንጋውን ሳይ ግን ከሐዘኔ ንዴቴ በረታ።

ጤና ይስጥልኝ ተባብለን፣ የእኅታቸው ልጅ ደጀኔ ወደዚያው ትምህርት ቤት ሊሄድ ነውና ምን እንዳሰቡለት ጠየቅኋቸው። በሶና ጭኮ ተሰናድቶለታል፣ በቅሎም አለችው አሉኝ።

«ከደረሰ በኋላስ ምን ይበላል?»

«የደረሰ ሰው ስንቅ ምን ያደርግለታል? እኛ ወደዚህ አገር ስንዘምት ስንቃችን መንገድ ላይ አለቀ። ከደረስን በኋላ ግን መሬትና ገባር ተመራን፣ ገባሩ አበላን።»

ይህ የሰፋሪው ሁሉ አሳብ ነው። ልጁን እንደ ዘማች መርቆ ይሸኝና ከወንዙ ይመለሳል። ትምህርቱ በነጻ ቢሆንም ማደሪያውንና ቀለቡን ተማሪው ራሱ እንደሚችል ስንት ጊዜ ለፈለፍሁ፤ ማን ሰምቶኝ!

«ግራዝማች፣ ተማሪ ገባር የለውም። እርስዎንም ያበላዎ ሰው ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ነው። ኃይለመስቀል ከማን አፍ ይቀንስ?»

«ልጄን የገደለው የሳምባ በሽታ ነው።»

«ራብ ያደከመውን ነው በሽታው ያገኘው። ጓደኛው ነግሮኛል። ቀን ሲማር ውሎ፣ ማታ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከነዳያን ጋር ቁራሽ ይጠብቅ ነበር። የግራዝማች ልጅ ለመነ እንዳይባል ጓደኛውን አስምሎታል።»

ግራዝማች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ተዝካሩ ካልወጣ ሰው ምን ይለኛል፣ የልጁስ ነፍስ ምን ትሆናለች አሉ። ፍትሐቱን ካህናቱ ያደርሳሉ፣ ሰንጋው ግን ለጎረቤት ሆድ እንጂ ለነፍስ አይደርስም ብዬ ሞገትኋቸው። ሰንጋውን እየነዳን እቤታቸው ደረስን። የሰሙትን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወለተኢየሱስ እያለቀሱ ነገሯቸው።

«ሲርበው ያልደረሰለትን ሥጋ፣ ሞቶ ለጎረቤት አላቀርብም» አሉ ወይዘሮዋ። «ሽጡት።»

ሰንጋው ተሸጠ፤ ለተዝካሩ ጸበል ጻዲቅ ብቻ ቀረበ። ሰፈሩ ግራዝማችን ቆጥቋጣ እያለ አማቸው። ይማቸው! ጠግቦ ያደረ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ለአገሩ ሐኪም ወይም ዳኛ ሆኖ ይመለሳል፤ ለተዝካር የታረደ ሰንጋ ግን የሚያሳድረው ውሻን ነው። ይህንን የግራዝማች የጽዋ ማኅበርተኞችም ኋላ ገብቷቸው፣ ከየድግሳቸው ቀንሰው ለሚሄድ ተማሪ ሁሉ ቀለብ ይቆርጡ ጀመር።

ደጀኔ ሲሄድ ሸኚው እንደ ልማዱ ከቶጎና ተመለሰ። ግራዝማች ግን አብረውት አዲስ አበባ ዘለቁ። በሰንጋው ዋጋ ማደሪያ ተከራይተውለት፣ ቀለቡን በነጋዴ እጅ ሊልኩለት ተዋውለው መጡ። የኃይለመስቀልን መቃብር አይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አይቻለሁ» አሉኝ። «ከሚለምንበት ደጃፍ ሩቅ አልወሰዱትም።»