ሾፌሩ እንኳን ተሰድቦ

— ሄሎ?... ሄሎ! ማን ልበል?... አ! ቻንድራካላ! ልጅሽን ልትድሪ ሦስት ቀን ቀርቶሽ ስልክ ለመደወል ጊዜ አገኘሽ?... ደህና ነኝ። ጉልበቴ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው... ይሰማል፣ ይሰማል፣ ተናገሪ።

— ቆይ አንዴ... እባክዎ ቴሌቪዥኑን ቀነስ ያድርጉልኝ! የወንድምዎ ሚስት ናት!... ለልጆቹ አባት ነው። ክሪኬት ካለ እኔ ብሞት አይሰሙም... ሰላም ብለውሻል። አላሉም፤ እኔ ልበልላቸው ብዬ ነው።

— እና ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?... ጥሩ። እኔ ፊት ነው የምቀመጠው፣ ከኋላ ከሆንኩ ያስመልሰኛል... እሺ፣ ሌላስ?... ከሙሽሪት ቤት ተደወለ? ምን ጎደለብን አሉ ደግሞ?... ዝርዝር? የምን ዝርዝር?

— እህ... እህ... ከእኛ ወገን ማን ማን እንደሚመጣ፣ ማን ምን መብላት እንደሚወድ። ለስድብ ዘፈኑ። ታዲያ ምን ያስደንቃል? እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሴት ስንድር ያደረግሁት ነው። ስሙንና የሆዱን አመል ሳታውቂ እንዴት ትሰድቢዋለሽ? የሙሽራው ወገን እንግዳ ምግቡ የቀረበበት የሙዝ ቅጠል ፊት ቁጭ ብሎ ሲበላ ስሙ ተጠርቶ፣ ሆዱ ተጠርቶ ካልተሰደበ በላሁ አይልም... ኧረ ታስታውሻለሽ? በሴቷ ልጄ ሠርግ ጊዜ አንዱን አማች ረስቼው... አዎ! ሩዙን በግማሽ ትቶ፣ እጁን ታጥቦ ተነሣ እኮ! «ለሁሉ ስድብ ደርሶ ለኔ ከጠፋ፣ እኔ እዚህ ቤት ዘመድ አይደለሁም» ብሎ። ስንት ሽማግሌ ተልኮበት ነው የተመለሰው።

— እና ማን ናት የምትገጥምላቸው?... ሪቻ? የቷ ሪቻ?... የሙሽሪት ወንድም ሚስት። አስተማሪዋ... አላውቃትም... አላውቃትም አልኩሽ እኮ!... እሺ፣ ሰምቻለሁ። በዳርባንጋ ከተማ ያልሰማ ማን አለ? በየሰው ስልክ የሚዞረው የሷ አይደል? የጎረቤት ልጆች ጠዋት ማታ አላስቀምጥ አሉኝ፣ «ተኛ የኔ ዓሣ፣ ሰናፍጭ ልበስ፣ የሙሽራው አጎት እስኪመጣ ድረስ!»... አይ፣ በቃሌ አልያዝኩትም። ጆሮዬ ገባ እንጂ።

— ያምራል? ምኑ ነው የሚያምረው? የልጅ ማስተኛ ዜማ ወስዳ ልጁን አውጥታ ዓሣ አስተኛችበት። ይሄ ግጥም ነው? እናት የምታውቀውን ዜማ ወስዶ ምግብ መግጠም የተጀመረው በማን ነው? በኔ! የጀልባ ቀዛፊዎቹን ዜማ ለእርጎ ያዋልኩት ማን ነኝ? «አማቹ መጣ፣ ሆዱ ቀደመው፣ እርጎ ያለበት ቤት በሩ ጠበበው!»... አዎ፣ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። እርጎው በአፍንጫው የወጣበት ሰው ነበር። ያኔ ሪቻ ራሷ እሹሩሩ እየተባለች ይሆናል። የሚቀርጽ ስልክ ስላልነበረን ነው እንጂ እኔም እዞር ነበር።

— ቆይ፣ ቆይ... ምንድን ነው የሚያንጎራጉሩት?... እርስዎም?! በገዛ ቤቴ?... ሰማሽ ቻንድራካላ? የልጆቹ አባት እኮ ናቸው! ክሪኬቱ ፊት ቁጭ ብለው የሷን ዓሣ ያስተኛሉ!... አትሳቂ። እኔ ሠላሳ ዓመት ከበሮ ስመታ «ኧረ ቀስ በይ፣ ራሴን አመመኝ» ነው የሚሉኝ። የኔን አንዲት ስንኝ አንጎራጉረው አያውቁም። አንዲት!

— ማን? እኔ?... አልቀናሁም። በዚህ ዕድሜዬ በልጄ እኩያ... ቅናት አይደለም አልኩሽ... እሺ! እሺ፣ ቀናሁ! አንጀቴ አረረ፣ በቃ? ደስ አለሽ? እስከ ዛሬ ከበሮው እኔ ጉያ ነበር። ሐሙስ ግን እኛ የወንድ ወገን ነን። ቁጭ ብዬ ሌላ ሴት ስትዘፍን፣ ሰው ለሷ ሲስቅላት እያየሁ ልጎርስ ነው። ይወርድልኛል? አይወርድልኝም። ስለዚህ እኔ አልሄድም። ጉልበቷን አሟታል በይልኝ።

— አይ፣ አትለምኚኝ... አልሄድም ብያለሁ... ዝርዝሩን ግን አንብቢልኝ እስቲ። አይ፣ ዝም ብዬ ነው። ስሕተት እንዳይኖርበት።

— ወንድምሽ ጋንጋድሃር፤ እርጎ... አዎ፣ በባልዲ ብትይ ይሻላል፣ በሳህን አይደለም። የልጆቹ አባት፤ የሎተስ ፍሬ በወተት... ትክክል። ድስቱን በጣታቸው እንደሚጠርጉት ጨምሪ። ይሰደቡ፣ ይገባቸዋል... ባልሽ፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከነእሾሁ። እሺ... ማን?... ሾፌሩ? ሾፌሩም አለበት? ሾፌሩ ደበርጃን እንደሚወድ አንቺ በምን አወቅሽ?... ደውለሽ ጠየቅሽው? ለሾፌር?... ጎበዝ። ከዚያስ?

— ከዚያስ አልኩሽ?... አለቀ? እንዴት አለቀ?... እኔስ?

— ... ምን ማለት ነው «ፈርቼ ነው»?... «እትዬ ትቆጣለች ብዬ ነው»? ስለምን ነው የምቆጣው?... እኔ የቤቱ ትልቅ አይደለሁም? ቻንድራካላ! ሾፌሩ እንኳን ተሰድቦ እኔ ልቅር?

— አይ፣ አልጮህኩም... እርስዎ ክሪኬትዎን ይዩ!... ስሚኝ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ሠላሳ ዓመት ሰው ሰድቤያለሁ። የኔን ስም በዘፈን የጠራ አንድ ሰው የለም። ከበሮ የያዘችን ሴት ማን ደፍሮ ይሰድባታል? እነሱ ስማቸው ሲጠራ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ እኔ ነኝ የማየው፣ ከፊት ለፊታቸው ስለምቆም። የሚሸማቀቁ መስለው ጎናቸው ያለውን በክርናቸው ጎሸም ያደርጉታል፣ «ሰማህ? እኔን ነው!» እያሉ። ታዲያ የቀናሁት በሪቻ ብቻ መሰለሽ? በእነሱም ነው። በሁሉም። ይኸው አሁን ደግሞ በሾፌር ቀናሁ።

— ስሜን ጻፊ። አሁኑኑ... ምን እወዳለሁ? እኔ?... እ... ቆይ... ስሙማ፣ እኔ ምን መብላት ነው የምወደው?... «ሁሉንም» አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮኝ የበላ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

— እንግዲህ... ድስቱ ሥር የሚያርረው ሩዝ... አዎ፣ እሱ። ሁሉም በልቶ ከተነሣ በኋላ ጓዳ ገብቼ፣ በቅመም የተቀመጠው ማንጎ ከተዘፈዘፈበት ዘይት ጠብ አድርጌበት፣ በብረት ማንኪያ እየፋቅሁ። ቆሜ ነው የምበላው። ሰው ድንገት ከገባ ለድመቷ ነው እላለሁ... ድመት የለንም። ኖሮንም አያውቅም።

— ምንድን ነው የሚንጫጫው?... ማን ነው የሳቀው? ይሄ ያንቺ ሳቅ አይደለም... ቻንድራካላ። እዚያ ማን አለ?... በሌላኛው ስልክ?... ማን? ሪቻ?! ሪቻ መስመር ላይ ናት?... ከመቼ ጀምሮ?... ከ«ሄሎ» ጀምሮ?!

— መሬት ትዋጠኝ! ዝርዝሩን እየጠበቀች ከሆነ አትነግሪኝም?... የዓሣውንም ሰማች? «ይሄ ግጥም ነው?» ያልኩትንም?... የድመቷንም?... ወይ ጉዴ! ወይ ጉዴ! በይ ዝጊው። ሠርጉም ቀረ፣ እኔም ቀረሁ...

— ምን አለች?... ገጠመች? አሁን? በዚህች ደቂቃ?... ለኔ?... እስቲ ትበለው። ስልኩን ከስልኩ ጠጋ አድርጊው።

— ...

— «እትዬ ፉልኩማሪ ቅናት ጎርሰው፣ ያረረውን ሩዝ በሉት ጨርሰው»...

— አለሁ። አለሁ፣ መስመሩ አልተቋረጠም... አልተቆጣሁም። እንደገና ትበለው... በየትኛው ዜማ ነው? በጀልባ ቀዛፊዎቹ? በኔው?... ደፋር ናት። አየሽ ድፍረቷን?... አላለቀስኩም፣ እርስዎ ወደዚያ ይዙሩ!... ከነስሜ እኮ ነው የጠራችኝ፣ ቻንድራካላ። ከነቅናቴ። ትችላለች ይህቺ ልጅ። ብሞት አልናገረውም ነበር፣ ግን ትችላለች።

— አዎ፣ እሄዳለሁ... ጉልበቴ? ይዤው እሄዳለኋ... እሺ፣ በይ... ቆይ! ቆይ፣ አትዝጊው! ለኔ ይቺው ሁለት ስንኝ ብቻ ናት?... ለወንድምሽ ለጋንጋድሃርስ ስንት ገጠመችለት?... አራት? ለአንድ ባልዲ እርጎ አራት?... ለልጆቹ አባትስ?... ስድስት?! ለሳቸው ስድስት?!

— ሪቻ! የኔ ልጅ፣ ትሰሚኛለሽ?... ስሚኝማ። እዚያ ድንኳን ውስጥ ከኔ ስድብ የሚረዝም ስድብ እንዳይዘፈን! ስምንት! አንዲት ስንኝ ብትጎድል ከመኪናው አልወርድም!... ጻፍሽው?... በሉ ደህና ዋሉ!