የቡርቃ ሎን እርጥብ ሳርና የኦቦ ቀጄላ ጉታ ሕይወት

የኦቦ ቀጄላ ጉታ ሕይወት የተሰበረው በ2014 ዓ.ም. የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ ቀን ነው። የሰው ዜና ሕይወት ከልደቱ እንደሚጀመር እናውቃለን፤ ይሁንና ኦቦ ቀጄላ ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ነገር ዘመን ሲጠየቁ “ከቡርቃ ሎን በፊት ነው በኋላ?” ይሉ ስለነበር፣ ታናሽ ወንድማቸው በሪሁን ያዘጋጀው ይህ ጽሑፍም ከዚያው ይነሣል፤ ወደዚያውም ይመለሳል።

ኦቦ ቀጄላ ከአባታቸው ከኦቦ ጉታ ዋቆና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ በ1951 ዓ.ም. በሱሉልታ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬም የአካባቢው ሽማግሌም ስለነበሩ፣ ድንበር የተገፋፉና ደም የተቃቡ ሰዎች በደጃቸው ሲታረቁ እያዩ አደጉ። በዚያ ደጅ ዕርቅ የሚጸናው በፊርማ አልነበረም፤ ሽማግሌው ከመስኩ እርጥብ ሳር ነጭቶ ይሰጣል፤ ሳሩን በእጁ የተቀበለ ሰው ቃል ሰጥቷልና ከዚያ ወዲያ ቢሞት እንኳ ቃሉን አያጥፍም። ኦቦ ቀጄላ ይህን የተማሩት ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሱሉልታ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ አጠናቅቀው፣ ከዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከተመረቁ በኋላ በሰበታ በመምህርነት፣ በኋላም በቡራዩ በርእሰ መምህርነት አገልግለዋል። ተማሪዎቻቸው ከሁሉ የማይረሱላቸው፣ ጥያቄ የተጠየቀ ልጅ ዝም ሲል እንዲቀመጥ አለመፍቀዳቸውን ነው። “ተጠይቀሃል፤ ተሳስተህም ቢሆን መልስ” ብለው አብረውት ይቆሙ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ከጫንጮ ወዲያ ካለችው ቡርቃ ሎን ከተባለች የገበሬዎች መንደር ወይዘሮ ተረፈችን አግብተው፣ ሞቲንና ያኔትን ወልደው በወግ በማዕረግ አሳድገዋል።

ጡረታ በወጡ ማግሥት ግን ጦርነቱ ተነሣ። ሰላማዊ ሰዎችን ከጥቃት ለመጠበቅ ከውጭ የመጣ የታዛቢዎች ልዑክ አስተርጓሚ ሲፈልግ፣ እንግሊዝኛውንም የአካባቢውንም ቋንቋ የሚያውቁ፣ በሕዝቡም የተከበሩ ናቸው ተብለው ኦቦ ቀጄላ ተመረጡ። ደስ ብሏቸው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤት ሲያስታርቁ ኖረው፣ አሁን አገር የሚያስታርቁ መስሏቸው ነበር።

ውጊያው ወደ ቡርቃ ሎን ሲቃረብ ነዋሪው አህዮቹን ጭኖ ለመሸሽ ተዘጋጀ። የልዑኩ መሪ በነጫጭ መኪኖች ደርሰው፣ መንገዱ ከመንደሩ ይልቅ አደገኛ እንደሆነ፣ ታዛቢዎቹም ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ እንደሚጠብቋቸው በኦቦ ቀጄላ አፍ ተናገሩ። ሕዝቡ ግን ጭነቱን አላወረደም። ያን ጊዜ ኦቦ ቀጄላ ከመስኩ ሳር ነጭተው፣ ትርጉሙን አንድ በአንድ አስረድተው፣ ለመሪው ሰጡ። መሪው ሳሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ፎቶም ተነሡ። የወይዘሮ ተረፈች ታላቅ እኅት አዴ ጂጂ ከሰው መሐል ወጥተው “ቀጄላ፣ ይኼ ሰውዬ የያዘውን ያውቃል ወይስ ለከብት መስሎታል?” ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። ኦቦ ቀጄላም ስቀው “ነግሬዋለሁ፣ አዴ፤ ያውቃል። ጭነቱን አራግፉ” አሉ።

ጭነቱ ተራገፈ። የኦቦ ቀጄላ ስሕተት ይህ ነው፤ ሌላ ስሕተት የለባቸውም። ሳር ይዞ የሚከዳ ሰው በዕድሜያቸው አላዩም ነበር።

በዚያው ሰሞን ተፋላሚዎቹ በአንድ ሆቴል ለድርድር ሊቀመጡ ሲሉ፣ አንደኛው ወገን ታዛቢዎቹ ከአካባቢው ካልወጡ አልቀመጥም አለ። የትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት ታዛቢዎቹ ነዳጅ ቀድተን ከሰዓት እንመለሳለን ብለው፣ ኦቦ ቀጄላንም አሳፍረው ተነሡ። አዴ ጂጂ ስትመለሱ ጨው ይዛችሁልን ኑ ብለው ሸኟቸው።

መኪኖቹ ጫንጮ ሲደርሱ ማደያውን አልፈው ሄዱ። ኦቦ ቀጄላ ሾፌሩን ዳኜን ምን ሆነህ ነው ቢሉት፣ “ጋሼ፣ እንዳትመለስ ተብያለሁ። እኔም አሁን በሬዲዮ ነው የሰማሁት” አላቸው። በግድ አስቁመው ወረዱና በእግራቸው ተመለሱ፤ ወደ መንደሩ የሚያሳልፈው የወታደሮች ኬላ ግን ተዘግቶ ነበር። ወታደሮቹን ለመኑ፤ ሳር ነጭተውም ለመኑ። ከቀትር በኋላ ከኬላው ወዲያ ከቡርቃ ሎን የሚነሣውን ጭስ አዩ።

ያን ቀን በቡርቃ ሎን የተገደሉት ሰዎች፣ አዴ ጂጂም ከነልጆቻቸው፣ በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። በዚያው ሳምንት በሆቴሉ ስምምነት ተፈርሞ ተጨበጨበ። የልዑኩ ቃል አቀባይም ነዋሪዎቹ የቀሩት “በራሳቸው ፈቃድና በአንድ የአገሬው ሠራተኛ ምክር” እንደሆነ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ሠራተኛው ኦቦ ቀጄላ ናቸው። ወዲያው ከሥራ ተሰናበቱ። የልዑኩ መሪ ግን ዛሬ በሌላ አገር ጦርነት ሌላ ሕዝብ እንዲጠብቁ ተሹመዋል።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ቀጄላ ለሽምግልና ሲጠሩ አልሄዱም። ወይዘሮ ተረፈች አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት በዓል በመጣ ቁጥር ቄጤማ መጎዝጎዝ ቀረ። ከቡርቃ ሎን የተረፉት ሰዎች ገበያ ላይ ሲያገኟቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር። ኦቦ ቀጄላም አልተቀየሟቸውም፤ ይልቁንም ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከራቫታቸውን አስረው፣ ወደ ልዑኩ ቢሮ ይመላለሱ ጀመር። ለራሳቸው የጠየቁት ነገር የለም። ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ መኪኖቹን ያስወጣውም ማን እንደሆነ በአደባባይ ይነገር ነው ያሉት። የበሩ ጠባቂ ከመላመዳቸው የተነሣ “ኦቦ፣ ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው፤ እርስዎና እኔ ብቻ ነን ሥራ የፈታን” እያለ ወንበር ያቀርብላቸው ነበር። ወንበሩን አመስግነው፣ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ እስከ ጣላቸው ድረስ አላቋረጡም። ሐኪሞች የሚችሉትን ቢያደርጉም፣ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ትናንት ንጋት ላይ አርፈዋል። በመጨረሻ ለልጃቸው ለሞቲ የተናገሩት “መልስ መጣ?” የሚል ነበር።

ኦቦ ቀጄላ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተረፈችን፣ ልጆቻቸውን ሞቲንና ያኔትን፣ የልጅ ልጃቸውን አቤኒን፣ ወንድማቸውን በሪሁንንና ያስተማሯቸውን ብዙ ልጆች ትተው ሄደዋል። የማያዳላው ፈራጅ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ በቡርቃ ሎን ካለቁት ጋርም ያለ ሐፍረት ያገናኛቸው።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ዛሬ ጠዋት ልዑኩ የአበባ ጉንጉን ልኮ፣ ጉንጉኑ ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ያመጡት ተወካይም በመካከላችን ቆመዋል። ከቡርቃ ሎን የተረፉት ሰዎችም፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከዛፉ ሥር ቆመው ይሰማሉ። ክቡር ተወካይ፣ አበባውን መልሰው ይውሰዱት። ሣጥኑ ገና አልወረደም፤ ለቀስተኛውም ይጠብቃል። ሳሩን የተቀበለው የማን እጅ ነው? መኪኖቹን ያስወጣውስ ማን ነው? ተጠይቀዋል፤ ይመልሱ።