ጣራ ሥር የበቀለ ዘር

ከአሰበ ተፈሪ እስከ በደሳ ያለው ገበሬ ስለ ችግኝ የሚያውቀውን ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ተሻለ ነኝ። አንዳንዱ ይክደኛል፤ የግብርና ሠራተኛ ዕጣው መካድ ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ድርቁ የአገሩን ጉሮሮ አንቆ በያዘ ጊዜ፣ አንድ ሽማግሌ ለማሳመን የተሟገትኩትን ያህል ግን ጠበቃም ችሎት ፊት አልተሟገተም።

ከሚኤሶ በጭነት መኪና ስመለስ ከአሰበ ተፈሪ በታች ወረድኩና ኦቦ ጂብሪልን መንገድ ዳር አገኘኋቸው። የፎጣቸውን ጫፍ ቋጥረው በእጃቸው ጨብጠዋል።

“እንዴት ዋሉ ኦቦ ጂብሪል? ምን ቋጥረዋል?”

“አልሐምዱሊላህ። ዘር ነው፤ ቲማቲምና ሽንኩርት። ደመናውን አታይም? ነገ እበትነዋለሁ።”

“ባለፈው የበተኑትስ?”

“ፀሐይ በላው።”

“ከዚያ በኋላ የበተኑትስ?”

“እሱንም በላው። ይኼ የመጨረሻው ነው። ይኼንንም ከበላ ወደ ሚኤሶ እንወርዳለን፣ እህል ወደሚታደልበት። መይሙና ዕቃ አስራለች።”

እኔ የመጣሁት ከዚያው ነው። ሐዲዱ ዳር የተኛውን ሕዝብ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ሺህ አድርጌ የማወራ ሰው፣ ያን ቀን የምጨምርበት አጣሁ። እስከ ቤታቸው ተከተልኳቸው።

“አይበትኑት” አልኳቸው ደጃፉ ላይ ስንደርስ።

“አባቴ በመጀመሪያው ጠብታ ነው የዘራው። አያቴም። መንደሩ ሁሉ ሲዘራ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው መሳቂያ ነው።”

“በአባትዎ ጊዜ ዝናቡ ረጅም ነበር። ዛሬ ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞ ይሄዳል። ዘሩ በቅሎ ሳይጠነክር ይከዳዋል። ስለዚህ ቀድመን ቤት ውስጥ እናብቅለው። ዝናቡ ሲመጣ ዘር ሳይሆን ችግኝ ይቀበለው። ሰማይ ያሳጠረውን ወቅት እኛ ጣራ ሥር እናስረዝመዋለን።”

“ቤት ውስጥ እርሻ። ጂብሪል ከሚስቱ ጋር ቲማቲም አስተኛ ይሉኛላ።”

“ይበሉ። እኔ ከተማ ክፍሌ ውስጥ ከዘር ያፈላሁት የጎመን ችግኝ ጣራውን ገፍቶ ምስማሩን ነቅሎታል።”

“ጎመኑ ነው ወይስ ወሬህ?”

ባለቤታቸው አዴ መይሙና ከጓዳ ሳቁ። ወዲያው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ፤ የልጅ ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ወር አልሞላም።

“እሺ፣ ውሃስ?” አሉ ሽማግሌው። “መይሙና ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ነው የምታመጣው። ከሰው አፍ ነጥቄ ለዘር ልስጥ?”

እዚህ ላይ የእኔ ዕውቀት አለቀ። መልሱን የሰጡት አዴ መይሙና ናቸው።

“አንተ ሰውዬ፣ ውዱ የምታደርግበትን ድንጋይ እየው።”

ግቢው እንዳለ አመድ መስሏል። ሽማግሌው ለስግደት የሚታጠቡበት ድንጋይ ሥር ግን መዳፍ የምታህል ሣር ለምልማ ቆማለች።

ኦቦ ጂብሪል ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኳት። “ይቺ መቼ በቀለች?”

“አንተ ሰማይ ሰማይ ስታይ።”

ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ በምስማር በሳን። አፈርና የከረመ ፍግ ነፍተን ሞላን፤ ዘሩን አራርቀን ዘራን። የውዱው ውሃ በሳፋ እየተጠራቀመ ችግኙ እንዲጠጣው፣ ቆርቆሮው ጠዋት ጠዋት በር ላይ ብርሃን እንዲያይ፣ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ግንዱ ሲወፍር ደግሞ ቀስ በቀስ ውጭ መዋል እንዲለምድ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ዘነበ። መንደሩ ወጥቶ ዘራ። ጎረቤታቸው ዓሊዩ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ “ኦቦ ጂብሪል፣ ቲማቲሙ እንዴት አደረ? ብርድ ልብስ ደረሰው?” አላቸው። ሽማግሌው ቆርቆሮውን አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የሰው የመጨረሻ ዘር በእኔ ምላስ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቷልና።

ደመናው በዚያው ጠፋ። የበቀለው ሁሉ ማሳው ላይ ከሰለ። ቤት በቤት ወደ ሚኤሶ ወረደ፤ ዓሊዩም ልጆቹን ይዞ ወረደ። ዝናቡ ሲመለስ ሊሰናበት የመጣ እንግዳ ይመስል ነበር። ማሽላ አላደረሰም። የኦቦ ጂብሪል ችግኝ ግን ምድሪቱ ሳትደርቅ ሥር ሰደደ፤ አፈራም።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥቅሙ ይኸው ነው። ጣራ ሥር የፈላ ዘር በሐሰተኛ ዝናብ አይታለልም። ጥቂት ውሃ ይበቃዋል፤ ለዚያውም ታጥበውበት የሚደፋ። ወቅቱ ቢያጥር እንኳ ግማሽ ዕድሜውን ቀድሞ ኖሯል። ኦቦ ጂብሪልም ከዚያ ወዲህ ደመና አምነው ዘር አልበተኑም፤ አዴ መይሙናም የታሰረውን ዕቃ ፈቱ።

በዚያ መንደር የመጀመሪያ ፍሬ ጎረቤት ሳይቀምሰው አይበላም። አዴ መይሙና ቲማቲሙን በሳህን ይዘው ወጡ። የዓሊዩ በር ዝግ ነው። ቀጥሎ ያለውም ዝግ ነው። እስከ መንደሩ ጫፍ ሄደው፣ ሳህኑን እንደሞላ ይዘው ተመለሱ።

ኦቦ ጂብሪል ከሳህኑ ትልቁን አንስተው ከፈሉትና ዘሩን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ ጨርቅ ላይ ያሰጡት ጀመር።

“ከሚኤሶ የሚመለስ ሰው ዘር አይኖረውም” አሉ።

“የሚመለስ ካለ” አሉ አዴ መይሙና።

“ካለ” አሉ ሽማግሌው፤ ሌላውንም አንስተው ከፈሉ።