የበቅሎዋ ቀለብ

ጋሽ ይሄነው ከደሴው አውቶቡስ ወርደው መካነ ሰላም ውስጥ ሲያዘግሙ፣ ከእንስሳት ክሊኒኩ ደጃፍ የገዛ በቅሏቸውን አዩ። ገመዱን የያዘችው የሼህ አብዱራህማን ልጅ፣ አስተማሪዋ መድና ነበረች። ጋሽ ይሄነው ለሕክምና ደሴ ሲሄዱ በቅሏቸውን ለሼሁ አደራ ሰጥተው ነበር። አራት ወር ቆዩ፤ ሼሁ ግን በሁለተኛው ወር አረፉ።

ሽማግሌው የልጅቱን እጅ ይዘው አለቀሱ። ከዚያ ገመዱን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። መድና አልለቀቀችም።

«ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እግሯ መግል ይዞ ስትታከም ነው የከረመችው። ለመድኃኒቱና ለቀለቡ ያወጣሁት እስኪከፈለኝ ልሰጥዎ አልችልም። ሕጉም ይፈቅድልኛል።»

ጋሽ ይሄነው እንደ መደንገጥ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔና አባትሽ አርባ ዓመት ስንኖር የገለባ ዋጋ ተነጋግረን አናውቅም። ከብቶቼ እሱ ዘንድ ይከርማሉ፣ የሱ እኔ ዘንድ። ላሜ ስትወልድ ከጉብታው ላይ ቆሞ በስሜ ይጣራል፤ ደስታው ከኔ ይብስ ነበር። ዛሬ በቅሎዬ መያዣ ሆነች?»

ያ ድምፅ በጆሯቸው መጣባቸው። መድናም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ያን ድምፅ እኔም አልረሳውም። ግን ያልሰሙት ነገር አለ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት አባቴ የእርስዎን በሬዎች ለመቀለብ ጊደራችንን ሸጡ። ለኔ ትምህርት የታሰበች ነበረች። ያን ዓመት ከትምህርት ቀርቼ ከቤት ዋልሁ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«አፈሩ። እርስዎም አልጠየቁ።»

ጋሽ ይሄነው አሁን ገባቸው። ያ የሚናፍቁት ደግ ዘመን ወጪ ነበረው፤ ወጪውን የቻለችው ደግሞ ይህች ልጅ ነበረች።

«ታዲያ ሕጉ ላንቺ ብቻ ነው የቆመ?» አሉ።

«የለም። ልይዛት እችላለሁ እንጂ ልሸጣት አልችልም፤ ባለቤቷ ሳይፈቅድ ጭነትም አልጭንባትም። እኔ ዘንድ እስካለች መቀለብ ግዴታዬ ነው። ያወጣሁትንም በደረሰኝ አሳያለሁ። ባንስማማ ዳኛ አለ።»

ሽማግሌው ተነስተው የበቅሎዋን እግር ዳበሱ። ቁስሉ ጠግጓል፤ ጎኗም ሞልቷል። ከኪሳቸው ያለውን አውጥተው ሰጧት።

«ቀሪውን ገብሱ ሲወቃ አመጣለሁ። እስከዚያ አንቺ ዘንድ ትቆይ» አሉና በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እንዳሉትም በኅዳር ከፍለው በቅሏቸውን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከብት አደራ ሲሰጣጥ ቀለቡን ማን እንደሚችል፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክም በምስክር ፊት እንዲጽፍ የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ሲሆን ተቀባዩ ጥሪቱን በስውር አይሸጥም፤ ባለቤቱም የሰው ዕዳ ሳያውቅ ተሸክሞ አይኖርም።

አንድ ቀን በሰፈሩ ዕድር፣ በቅሬው ላይ አንዱ ጎረቤት «እርስዎና ሼሁ ያለ ወረቀት ተማምናችሁ ኖራችሁ የለ?» አላቸው።

«ተማምነን ነበር» አሉ ጋሽ ይሄነው። «ብንጽፈው ኖሮ ግን እየተማመንን ልጅቱም ያን ዓመት ትማር ነበር።»